ኑመሪካል አናሊሲስ ሂሳብ ነው ወይስ ስሌት? ለጠየቀችው እህት

እህቴ፣ የማስተርስ ተማሪ ነሽ፤ የትምህርት ክፍሉ ኑመሪካል አናሊሲስ ላይ፣ ማለትም የሂሳብ ጥያቄዎች በቁጥር በግምት የሚፈቱበትን መንገድና የግምቱን ስህተት በሚያጠናው መስክ ላይ፣ መድቦሻል፤ ጓደኞችሽ «ይህ ሂሳብ አይደለም፣ ስሌት ነው» እያሉ ልብሽን ከፍለውታል፤ በዚህ መስክ የምርምር ሕይወት መመሥረት ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ይቻላል። ዶክትሬቴን የሠራሁት በዚሁ ነው፤ ዛሬም የማስተምረውና የማማክረው በዚሁ ነው። ርዕስ አመራረጥ ላይ ግን ብዙ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ።

መጀመሪያ «ስሌት ነው» የሚለውን እንጨርሰው። ዛሬ ማታ ኮምፒውተርሽ ላይ የሳይንን ዴሪቬቲቭ (የለውጡን ፍጥነት) በ1 ላይ አስዪ፤ በሁለት ተቀራራቢ ነጥቦች ላይ ያለውን የሳይን ዋጋ ልዩነት በእርምጃው፣ ማለትም በነጥቦቹ ርቀት፣ ማካፈል ብቻ ነው። እርምጃውን ስታሳንሺ ስህተቱም አብሮ ያንሳል። መቶ ሚሊዮንኛ አካባቢ ስትደርሺ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እርምጃው ባነሰ ቁጥር መልሱ ይበላሻል። ከነጥቡ በኋላ 15 ዜሮ ደርድረሽ 1 ስትጨምሪማ መልሱ ድፍን ዜሮ ይሆናል፤ ማሽኑ ያችን ታህል ጭማሪ ከ1 ላይ አያያትምና። ለምን እዚያው ቦታ ላይ እንደሚገለበጥ በእስክርቢቶና በወረቀት ይረጋገጣል። ሥራችን ያ ማረጋገጫ ነው፤ ስሌቱን ማሽኑ ይወጣዋል። የሂሳብ ሊቃውንቱ ኩራንት፣ ፍሬድሪክስና ሌዊ፣ በጊዜ የሚለዋወጥ ነገር (ለምሳሌ ፍሰት) ሲሰላ የጊዜው እርምጃ በነጥቦቹ ርቀት ከሚወሰን ልክ ማለፍ እንደሌለበት ያሳዩት በ1928 ነው፤ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ገና ሳይፈጠር።

ከሂሳብ ሰዎች ይልቅ ብዙ ያስተማሩኝ የውሃ መሐንዲሶች ናቸው። ጎርፍ የሚያሰላ ፕሮግራም ነበራቸው። አንደኛው ለሙከራ ወለሉ ወጣ ገባ የሆነ፣ ነፋስ የማይነካው ሐይቅ ሰጠው። ውሃው ፀጥ ማለት ነበረበት። ስክሪኑ ላይ ግን ከየጉብታው አናት ጅረት ተነሣ! ኮዱ ውስጥ አንድም የተሳሳተ መስመር አልነበረም። በቆመ ውሃ ውስጥ የግፊቱ ለውጥና የወለሉ ተዳፋት እርስ በርስ መጣፋት አለባቸው፤ ሁለቱ በየራሳቸው ዘዴ ሲሰሉ ግን ጥቂት ቅሪት ይተርፋል፤ ቅሪቱም ጅረት ሆኖ ይታያል። «ውሃው የሚሰላባቸውን ነጥቦች ማብዛት ነዋ» ትዪ ይሆናል። በሁለት አቅጣጫ በሚፈስ ውሃ ላይ የነጥቦቹን ርቀት በግማሽ ስትቀንሺ ነጥቦቹ አራት እጥፍ ይሆናሉ፤ የጊዜው እርምጃም በዚያው በ1928ቱ ደንብ በግማሽ ያጥራል፤ ሥራው ስምንት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ ሁለቱን ኃይሎች የቆመ ውሃ በትክክል ቆሞ እንዲቀር አድርጎ አብሮ ማስላት ይሻላል። ቤርሙዴዝና ቫስኬዝ የተባሉ ስፔናውያን ይህን መስፈርት በ1994 በግልጽ አስቀመጡት፤ ከዚያ ወዲህ ስንቱ ተመራማሪ የዕድሜውን ሥራ እንዳገኘበት! ወንዙ ሲደርቅ የውሃው ጥልቀት ከዜሮ በታች እንዳይወርድ ማድረጉ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለተማሪው ተደጋግሞ የሚሰጠው ርዕስ ከፍተኛው ዴሪቬቲቭ ኤፕሲሎን በተባለ እጅግ ትንሽ ቁጥር የተባዛበት ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (ዴሪቬቲቮች ያሉበት እኩልታ) ነው። ርዕሱን አልንቀውም። መፍትሔው በድንበሩ አጠገብ ቀጭን ንጣፍ ውስጥ ገብቶ በድንገት ይዘላል፤ ሩሲያዊው የሂሳብ ሊቅ ሺሽኪን የነጥቦቹን ግማሽ እዚያው ንጣፍ ውስጥ አጭቆ፣ ኤፕሲሎን የቱንም ያህል ቢያንስ ስህተቱ እንዳይፈነዳ ማድረጉ የሚያስቀና ሐሳብ ነው። የማልወደው፣ በአንዱ ኢኩዌሽን ላይ መዘግየት (ዴሌይ)፣ በሌላው ላይ ተጨማሪ ፓራሜትር እየቀጠሉ አንዱን ጽሑፍ ደጋግሞ ማሳተምን ነው። ለደረጃ ዕድገት ይበቃ ይሆናል። ኢኩዌሽኑ ከየት እንደመጣ ስትጠይቂ ግን መልስ የሚሰጥሽ ካጣሽ፣ ሌላ ርዕስ ፈልጊ።

ገንዘብ ተቀብሎ በሳምንት ውስጥ «ተቀብለነዋል» የሚል ጆርናል ካጋጠመሽ ሽሺ። ማመልከቻ ለመላክ ካሰብሽ በ2003 ደቡብ አፍሪካ ሙይዘንበርግ ላይ የተመሠረተው፣ ዛሬ ሩዋንዳንም ጨምሮ በሌሎች አገሮች ማዕከላት ያሉት የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ተቋም ለማስተርስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ ተማሪውን ኮድ ያስጽፈዋል፣ ይህም ለእኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለሶፍትዌርም መክፈል አያስፈልግሽም፤ ለስሌት የሚያገለግሉት ኦክታቭና ፓይተን በነፃ ይገኛሉ።

ከአማካሪሽ ጋር ስትቀመጪ ይህን መልስ የሚፈልገው ማን እንደሆነ ጠይቂ፤ መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም ባንክ ከሆነ ሰውየውን አግኝተሽ አነጋግሪ። ኮዱንም ከሌላ ሰው አትቀበዪ፣ ራስሽ ጻፊው። የሁለተኛ ደረጃ ዘዴ፣ ማለትም ስህተቱ ከእርምጃው ካሬ ጋር አብሮ የሚያንስበትን፣ ይዘሽ እርምጃውን በግማሽ ስትቀንሺ ስህተቱ ወደ ሩብ መውረድ አለበት። የስህተቶቹ ሠንጠረዥ ላይ በግማሽ ብቻ ከወረደ፣ ሌላውን ከመነካካትሽ በፊት ድንበሩ ላይ የተጠቀምሽበትን ቀመር እዪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው። ርዕስሽ ሲታወቅ እዚሁ ጻፊልን።