ይቅር ካልሁ በኋላ ለምን እጨነቃለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ወላጆቻችን ካረፉ በኋላ በውርስ ምክንያት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተጣልተን ነበር፤ የንስሐ አባቴ ባሉበት ይቅር ተባብለናል። ዛሬም ግን ስልኬ ላይ ስሙን ሳይ ደረቴን ይጨንቀኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ሌሊት ሌሊትም ያን ጊዜ ልመልስለት ይገባ የነበረውን እያሰላሰልሁ እንቅልፍ አጣለሁ። ይህ ቂም ነው ብዬ ከቅዱስ ቁርባን ርቄአለሁ። ሐኪም በዝግታ እየተነፈስሁ እንድረጋጋ አስተምሮኝ ነበር፤ አንዲት እኅት ግን «የባዕድ አምልኮ ነው» ስላለችኝ ተውሁት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ይቅር ማለት ግዴታችን መሆኑን ታውቂያለሽና እርሱን አልደግምልሽም። ያሰረሽ «ከልቤ ይቅር ብዬ ቢሆን ኖሮ ትዝ ሲለኝ ባላመመኝ ነበር» የሚለው አሳብ ነው። ይህን አሳብ ከብዙ ምእመናን ሰምቼዋለሁ፤ «ይቅር ያለ ይረሳል» ብለው በድፍረት የሚያስተምሩም አሉ፤ ይህ ግን ቅዱስ መጽሐፍ ከሚያሳየን ጋር አይስማማም።

ዮሴፍን ተመልከቺ። ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ በፊቱ በቆሙ ጊዜ ከእነርሱ ዘወር ብሎ አለቀሰ (ዘፍ. 42፥24)። ራሱን ሲገልጥላቸውም «ምንም አልሆነም» አላለም፤ «እኔ ወደ ግብፅ የሸጣችሁኝ ወንድማችሁ ዮሴፍ ነኝ» አለ እንጂ (ዘፍ. 45፥4)። ሽያጩን በስሙ ጠራው። ከዚያ አስቀድሞም ስምዖንን አስሮ አስቀርቶ፣ ጽዋውንም በብንያም ዓይበት አስደብቆ፣ ልባቸው ተለውጦ እንደ ሆነ ፈትኗቸዋል። ስለዚህ ማስታወስም፣ ማልቀስም፣ መጠንቀቅም ቂም አይደለም። ዮሴፍ ቂመኛ አለመሆኑ የታወቀው የመበቀል ሥልጣን በእጁ ሳለ፣ አባታቸውም ከሞተ በኋላ እንኳ፣ እነርሱንና ልጆቻቸውን በመመገቡ ነው።

ቂም የፈቃድ ነገር ነው፤ የበደለንን ሰው ጥፋት መመኘት፣ ዕዳውን በልብ መዝገብ ይዞ በየጊዜው ወለድ መጨመር ነው። የወንድምሽን ስም ስታዪ ደረትሽ መጨነቁ ግን ሳትፈቅጂው የሚመጣ የሰውነት ድንጋጤ ነው። ሰውነት አንድ ጊዜ የቆሰለበትን ነገር ሲያይ ገና ሳናስብ ይደነግጣል፤ ኅሊናችን በአንድ ቀን የወሰነውን እርሱ ለመማር ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ሳትፈቅጂ ስለ መጣብሽ ድንጋጤ ራስሽን እንደ ኃጢአተኛ አትክሰሺ።

ነገር ግን የሌሊቱን ጉዳይ እንዲሁ አላልፈውም። አሳቡ ሲመጣ በደል የለብሽም፤ አስቀምጠሽ ስታስተናግጂው ግን ፈቃድሽ ይገባበታል። በጨለማ ውስጥ ወንድምሽን አቁመሽ ስትከሺው፣ እርሱ የሚለውንም አንቺ የምትመልሽውንም ራስሽ እየተናገርሽ ስትፈርጂበት፣ ይቅርታሽን ቀስ በቀስ እየሸረሸርሽው ነው። ሐዋርያው «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ያለው (ኤፌ. 4፥26) እንዲህ ላለው ሌሊት ጭምር ይመስለኛል። ጭንቀትሽም ከዚህ ይመገባል፤ በአሳብ የሚደረገው ጠብ ልብን እንደ እውነተኛው ጠብ ያስመታዋልና፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትዋጊ አድረሽ ማለዳ ሰውነትሽ ዕረፍት ቢያጣ አያስደንቅም።

እዚህ ላይ ነው የሐኪሙ ምክር የሚረዳሽ። ሰው ሲጨነቅ ከደረቱ በላይ በላዩ፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ይህ ሲበዛ ራሱን ያዞረዋል፣ ጣቶቹን ይነዝረዋል፤ እርሱም ልሞት ነው ብሎ ይብስ ይጨነቃል። በዝግታ ስቦ ከሳበበት ጊዜ አስረዝሞ ሲያስወጣ ግን የልብ ምት ይበርዳል። እግዚአብሔር አካላችንን የሠራው እንዲህ አድርጎ ነው፤ እስትንፋስም የእርሱ ስጦታ እንጂ የማንም ጣዖት ንብረት አይደለም (ዘፍ. 2፥7)። ያቺ እኅት የሠጋችው ለሃይማኖቷ ስለ ቀናች እንደ ሆነ አልጠራጠርም፤ ትንፋሹን የሌላ አምልኮ ስም ከመጥራት ወይም ከሌላ እምነት ትምህርት ጋር አያይዞ የሚያስተምር ቢመጣም መራቅ ይገባል። አየር መሳብና ማስወጣት ግን አምልኮ አይደለም። በአንጻሩ ጸሎትም አይደለምና በጸሎት ቦታ አትተኪው።

ሁለቱን ማገናኘት ግን ትችያለሽ። የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ356 ገደማ ሊያርፍ ሲል ደቀ መዛሙርቱን ክርስቶስን ዘወትር እንዲተነፍሱት እንደ መከራቸው ቅዱስ አትናቴዎስ ጽፎልናል። ሌሊት ክርክሩ ሲጀምርሽ ተነሥተሽ ተቀመጪ፤ ትንፋሽሽን ስትስቢ «ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ» በዪ፤ ቀስ ብለሽ ስታስወጪ «ማረኝ» በዪ። ጥቂት ከቆየሽ በኋላ «ወንድሜንም ማርልኝ» የሚለውን ጨምሪበት። መጀመሪያ ቃሉ በአፍሽ ላይ ይከብድሻል፤ ቢሆንም በዪው። ለአንድ ሰው ምሕረት እየለመኑ በዚያው ትንፋሽ እርሱን መክሰስ አስቸጋሪ ነው።

ይህን ስታደርጊ ይቅርታን እንደ ማስታገሻ አትቁጠሪው። ብዙዎች «ይቅር በልና ታርፋለህ» ሲባሉ ወዲያው ዕረፍቱን ይጠብቃሉ፤ ዕረፍቱ ሲዘገይ ይቅርታቸው ውሸት የነበረ ይመስላቸዋል። እኛ ይቅር የምንለው እኛም ይቅር ስለ ተባልን ነው። ጭንቀቱ ከቀጠለና እንቅልፍሽን ከነሣሽ ወደ ሐኪሙ ተመለሽ፤ ሲራክም ሐኪምን አክብር የሚለን እግዚአብሔር ስለ ፈጠረው ነው (ሲራ. 38፥1)።

የውርሱ ጉዳይ ገና ያላለቀ እንደ ሆነ፣ ድርሻሽን በሕግ ወይም በሽማግሌ መጠየቅ ቂም አያሰኝሽም፤ ሐዋርያው «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ብሎ (ሮሜ 12፥18) የሰላሙን ግማሽ ለሌላው ወገን ትቶታል። ከቅዱስ ቁርባን በራስሽ ፍርድ መራቅሽን ግን አልደግፈውም። በዚህ ሳምንት ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂና የደረትሽን ጭንቀት ለብቻው፣ የሌሊቱን ክርክር ደግሞ ለብቻው ለይተሽ ንገሪያቸው፤ መቼ እንደምትቀርቢም እርሳቸው ይወስኑልሽ።