ካርቶን ሙሉ ፍሎፒ ምን ያደርግልሃል?

«አሮጌ ፍሎፒ ዲስክ፣ ያንን የድሮ የኮምፒውተር ፋይል ማስቀመጫ፣ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ አሉ። ምኑ ያጓጓል? ጥቅምስ አለው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድማችን፦ ከሰብሳቢዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። ቤቴ ሁለት ካርቶን ሙሉ አለ። ባለቤቴ በየበዓሉ ጽዳት ልትጥለው ትነሳለች።

ያስጀመሩኝ አጎቴ ናቸው። የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበራቸው። ማመልከቻ፣ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእድር ደንብ ያስተይባሉ። ሱቁን ሲዘጉ ፍሎፒዎቹን «ጣልልኝ» ብለው ሰጡኝ። ላያቸው ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ «የእድር ደንብ፣ የመጨረሻ» ይላል። ሌላው «የእድር ደንብ፣ የመጨረሻ 2»። በቃ፣ መጣል አቃተኝ።

እቃው ራሱ የሚያምራቸው ሰዎች አሉ። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣውን ባለ 8 ኢንች ፍሎፒ ያገኘ ሰብሳቢ ግድግዳ ላይ ቢሰቅለው አይፈረድበትም። የእኔዎቹ ግን ተራ ባለ 3.5 ኢንች ናቸው፣ 1.44 ሜጋባይት። ዛሬ በስልክ የምታነሳው አንድ ፎቶ እንኳ ላይገባበት ይችላል። ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ግን አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይይዛል።

ለእኛ ትልቁ ጥቅም የድሮ የአማርኛ ጽሑፎችን ማትረፉ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ፣ እንደፈለገው ይደረድራቸው ነበር። ያኔ አንድ ፎንት (የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው ፋይል) ከ256 በላይ ቦታ ስላልነበረው፣ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፋፍለውታል። ስለዚህ ፋይሉ ቢከፈትም ፎንቱ ከሌለህ የምታየው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ነው። እኔም መጀመሪያ ተበላሽቷል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከካርቶኑ ሥር «ፎንት» ብቻ የተጻፈበት ፍሎፒ ባላገኝ ኖሮ ሁሉም ቀርቶ ነበር። ካርቶን ካገኘህ መጀመሪያ የምትፈልገው እሱን ነው።

ለመጀመር በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ ይበቃሃል። ባለ 5.25 ኢንቹን ግን አያነብም፣ የአፕልን የድሮ ማክ ኮምፒውተር 800 ኪሎባይት ዲስኮችንም እንዲሁ። ከመክተትህ በፊት ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ገፋ አድርገህ ቀዳዳውን ክፈተው፤ ያኔ በስህተት ምንም አይጻፍበትም። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ካለህ እንቢ በል። አንድ ፋይል ለብዙ ፍሎፒ ተከፋፍሎ ከሆነ ደግሞ አንዱን እንዳትለይ፣ አንዷ ከጎደለች ሌሎቹም ዋጋ የላቸውም። የሰው ውልና ደብዳቤ ካገኘህ ለባለቤቱ መልስ እንጂ አትለጥፍ።

ሌላው ሻጋታ ነው። የብረት መሸፈኛውን ሸርተት አድርገህ ውስጡን በብርሃን እየው። ነጭ ነጠብጣብ ካለ አታስገባው። እኔ ሳላይ ከተትኩ። ዲስኩም አለቀ፣ የማንበቢያው ጭንቅላትም ቆሸሸ፣ ከዚያ በኋላ ያስገባኋቸውን ሁለት ደህና ዲስኮች ፋቃቸው። የሻገተው «የመጨረሻ 2» ነበር።

የተረፈውን ደንብ በዩኒኮድ መልሼ ተይቤ፣ አትሜ ለእድሩ ጸሐፊ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና አንድ ሁለት ገጽ ገለጡ። ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ ይሄ ከማሻሻያው በፊት ያለው ነው። ሌላኛውስ?» አሉኝ።