ኩሬው ሞላ፣ ዓሣው ግን አላደገም

ጥያቄ፦ በጓሮዬ 10 በ10 ሜትር ኩሬ አስቆፍሬ 200 የቆሮሶ ጫጩት ለቅቄ ነበር። አሁን ስምንተኛ ወሩን ይዟል። መረብ ስጥል የሚወጣው ሁሉ ጣት የሚያህል ነው፤ ቁጥሩ ግን ከለቀቅኩት እጥፍ ድርብ ሆኗል። መኖ አላጓደልኩም። ምን ነካው? (ከባሕር ዳር ዙሪያ)

መልስ፦ በሽታ አይደለም፤ ዓሣዎ ተራብቶ ነው። ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ በሦስት በአራት ወሩ፣ ገና 30 ወይም 40 ግራም ሲመዝን መራባት ይጀምራል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትፈለፍል በዚያ ሰሞን አትበላም፤ አታድግምም። ከወር ከወር ተኩል በኋላ ደግሞ ትደግማለች። ለ200 የታሰበው መኖና አየር ለሺዎች ይከፋፈላል። መኖ ቢጨምሩ ውሃው ይበላሻል እንጂ ዓሣው አይገዝፍም።

ስለዚህ ኩሬውን ያጠንፍፉ። ዓሣውን ፀሐይ ሳትበረታ በጠዋት ያውጡ። ትናንሾቹን መልሰው አይልቀቁ፤ ጣት ቢያክሉም ለመራባት የደረሱ ናቸው። ወለሉ እስኪሰነጣጠቅ ይድረቅ። ጭላጭ ውሃ ከቀረ ጫጩት እዚያ ይተርፋል። 10 ኪሎ ያህል የእርሻ ኖራ በትነው ውሃ ሲያስገቡም መግቢያውን በወንፊት ይሸፍኑ።

ቀጥሎ ወንድ ብቻ ይልቀቁ። ጫጩቱ ከ20 እስከ 30 ግራም ሲደርስ በጀርባው አስተኝተው ከሆዱ ሥር ካለው ክንፍ አጠገብ ይመልከቱ፦ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሴቷ ሦስት። የሴቷ መካከለኛው ቀጭን አግድም ስንጥቅ ነው፤ በጥጥ ጥቂት ቀለም ቢያስነኩት ጎልቶ ይታያል። የሠለጠነ ዓይን እንኳ ስለሚስት አንዳንድ ሴት ማለፏ አይቀርም። ለዚህ መላው ትናንሽ ዓሣ የሚበላው አምባዛ ነው፤ ለ10 ቆሮሶ አንድ ቢጨምሩ የሚፈለፈለውን ይለቅምልዎታል። ሲለቀቅ ግን ከቆሮሶው ያነሰ ይሁን፤ ያለበለዚያ ዋናውን ዓሣ ይበላዋል።

ፉርሽካ ብቻውን አያሳድግም፤ የኑግ ፋጉሎ ይቀላቅሉበት። ዓሣው 100 ግራም ሲደርስ የክብደቱን 3 በመቶ በቀን ይስጡ። 200 ዓሣ 20 ኪሎ ነው፤ መኖው 600 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ለሁለት ከፍለው ጠዋት 4 ሰዓትና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ይበትኑ። ጎህ ሲቀድ ዓሣው ከላይ ተንሳፎ አየር የሚውጥ ከሆነ ውሃው ሌሊት ኦክስጅን ጨርሷል፤ መኖና ፍግ አቁመው አዲስ ውሃ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ዓለም ከሚያመርተው ዓሣ የሚበዛው የእርባታ ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ከሆነ ባሕሩ አረፈ ማለት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የመጀመሪያው እውነት ነው። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚለው በ2022 እ.ኤ.አ. እርባታው 94.4 ሚሊዮን ቶን ዓሣና ሌሎች የውሃ እንስሳት ሲሰጥ፣ ከተፈጥሮ ውሃ የተጠመደው 91 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ባሕሩ ግን አላረፈም። የተጠመደው መጠን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙም አልቀነሰም፤ ከባሕር የዓሣ ክምችቶችም ከሦስት አንዱ በላይ ከአቅሙ በላይ ይጠመዳል። ሳልሞንን የመሰለ ሥጋ በል ዓሣ ደግሞ መኖው ውስጥ የዓሣ ዱቄትና ዘይት ይገባል፤ የዚህም ትልቁ ምንጭ ፔሩ ባሕር ላይ የሚጠመደው አንቾቪ የተባለ ትንሽ ዓሣ ነው። ቆሮሶና ዱባ የሚባለው ዓሣ (ካርፕ) ግን በአብዛኛው በእህልና በፋጉሎ ያድጋሉ፤ ባሕሩን የሚያሳርፍ እርባታ የእነዚህ ነው።