የወፍ ማባረሪያውን ገመድ ነፋስ ሲወስደው

ኬፕታውን ያለ አንድ ወንድማችን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ የምሠራው 28 ሜትር ርዝመት ባላት የቱና ሎንግላይን ጀልባ (በረጅም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆ የሚጥል) ላይ ነው። ከኋላ የሚጎተት፣ ጥብጣብ የተንጠለጠለበት የወፍ ማባረሪያ ገመድ አለን። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ግን ይወስደዋል፣ አልባትሮስ የሚባሉት ትልልቅ የባሕር ወፎችም መንጠቆው ላይ ይያዛሉ። ሁለት ጊዜ ደግሞ ከመንጠቆዎቹ ገመድ ተንሳፋፊ ጋር ተጠላልፎ ካፒቴኑ ‹ይሄን ነገር አውጡልኝ› አለ። ምን ይሻላል?»

ካፒቴንህ ላይ አልፈርድም። እኔም በጊዜዬ ተናድጄ በቢላ ቆርጬ ጥዬዋለሁ።

ማባረሪያውን የምታስሩት ከጀልባዋ ኋላ መሃል ላይ ነው አይደል? ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ነፋሱ ከቀኝ ከመጣ ገመዱም ከመንጠቆዎቹ በስተቀኝ ይታሰር። ያኔ ነፋሱ ራሱ ገፍቶ ከመንጠቆዎቹ በላይ ያመጣልሃል። ማሰሪያው ከውሃው ከ6 ሜትር በላይ ይሁን። ጥብጣቦቹ ያሉበት፣ አየር ላይ የሚቆየው ክፍል ደግሞ ቢያንስ 75 ሜትር ይድረስ። ካጠረ መንጠቆው ሳይሰጥም ገመዱ ያልቃል። ወፎቹ እዚያ ጋ ነው የሚጠብቁት፤ ሞኝ እንዳይመስሉህ።

ጫፉ ላይ ኳስ አስራችሁ ከሆነ ፍቱት፤ የሚጠላለፈው እሱ ነው። ረዘም ያለ ወፍራም ናይለን ውሃ ውስጥ ሲጎተት ገመዱን ይወጥረዋል። ውሃ የሚነካው ክፍል ላይ ቀጠን ያለ፣ ቶሎ የሚበጠስ ገመድ ቀጥልበት። ሲያዝ እሱ ይበጠሳል፣ ሌላው ይተርፋል።

ግን ገመዱ ብቻውን አይበቃም። አገጩ ነጭ የሆነ ጥቁር ፔትረል የሚባል የባሕር ወፍ አለ፤ ጠልቆ መንጠቆው ላይ ለማጥመጃ የተሰካውን ስኩዊድ ያወጣና አልባትሮሱ ይቀማዋል። የሚያዘው ቀማኛው ነው። ስለዚህ መንጠቆው ቶሎ ይስጠም፦ 60 ግራም እርሳስ፣ ከመንጠቆው በ1 ሜትር ውስጥ። ዓሣ ስትስቡ የመንጠቆው ገመድ ከተበጠሰ ግን እርሳሱ እንደ ጥይት ይመለሳል። ገመዱ ላይ የሚንሸራተተውን ዓይነት ግዙ፤ ፊት የሚሸፍን ሄልሜትም አድርጉ።

መንጠቆ መጣሉን ሙሉ በሙሉ ሲመሽ ጀምራችሁ ጎህ ሳይቀድ ጨርሱ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ሌሊቱ ብዙም አያግዝህም፤ ያን ቀን ገመዱንና እርሳሱን በደንብ አጥብቅ።

ካፒቴኑ ካመነታ ስለ ወፍ አታውራለት። ወፍ የበላው እያንዳንዱ ስኩዊድ ባዶ መንጠቆ መሆኑን ንገረው። ቱና ባዶ መንጠቆ አይውጥም።