«የሽልታ ሞገድ» ወይስ «የመዛነፍ ሞገድ»?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ በአማርኛ ማስታወሻ ሳዘጋጅ «ትራንስቨርስ ዌቭ»ን «አግድም ሞገድ»፣ «ሺር ዌቭ»ን ደግሞ «የሽልታ ሞገድ» ብያቸዋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ሁለቱንም ነቀፉብኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ «አግድም ሞገድ»ን አይተዉት። ባልደረባዎ የሰጉት ተማሪው «አግድም» ሲባል ከመሬት ጋር ትይዩ የሆነ ብቻ እንዳይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ዛፍ መንገድ ላይ አግድም ወደቀ ስንል የምናስበው የመንገዱን አቅጣጫ ነው፤ በሽመናም ማጉ ከድሩ አንጻር አግድም ነው። አንድ ጫፉ የታሰረን ገመድ ወደ ላይና ወደ ታች ቢወዘውዙት፣ ሞገዱ በገመዱ ርዝመት ሲጓዝ፣ እያንዳንዱ የገመዱ ክፍል ግን ያንን ጉዞ አግድሞ ይነሣል፣ ይወርዳል።

«ሽልታ» ግን አያስኬድም። የእንግሊዝኛው ቃል በግ መሸለትንም ስለሚያመለክት ተርጓሚን ያሳስታል። የተሸለተ ጸጉር ከቆዳው ይለያል፤ በዚህ ሞገድ የሚለይ ነገር የለም። በሰፌድ ላይ የተደራረበ እንጀራ አናቱን በመዳፍዎ ወደ ጎን ገፋ ቢያደርጉት፣ የላይኛው ብዙ፣ የመካከለኛው ጥቂት ፈቀቅ ይላል፤ የታችኛው ከቦታው አይነሣም፤ ድርድሩ ግን አልተበተነም። ለዚህ አማርኛ «ተዛነፈ» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ «ዝንፍ አይልም» የምንለውም ከዚሁ ነው። ከመስመር መውጣትን እንጂ መላቀቅን አይናገርምና እኔ «የመዛነፍ ሞገድ»ን እመርጣለሁ። (በሁለት ብረቶች መካከል ያለ ብሎን በዚሁ ዓይነት ኃይል ሲበጠስ ግን «ተቆረጠ» ማለት ተገቢ ነው።)

ቃሉ ለትምህርቱም ይረዳል። ጠጣር ነገር ሲዛነፍ ወደ ቅርጹ ለመመለስ ይታገላል፤ ሞገዱን የሚያስኬደውም ይኸው ትግል ነው፤ በብረት ውስጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ቁመታዊው ሞገድ (ቁሱ በሞገዱ ጉዞ አቅጣጫ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወዛወዝበት) 5.9 ገደማ ይደርሳል። ውኃ የተዛነፈ ቅርጹን ለማስመለስ ስለማይታገል ሞገዱን አያሳልፍም፤ የምድር ውጫዊ እምብርት ፈሳሽ መሆኑ ከታወቀባቸው ዋና ማስረጃዎች አንዱም ይህ ሞገድ በዚያ አለማለፉ ነው።

ሁለቱን ስሞች ግን አንዱን በሌላው ቦታ አያስገቡ። የመዛነፍ ሞገድ ሁሉ አግድም ነው፤ አግድም ሞገድ ሁሉ ግን የመዛነፍ አይደለም፤ ገመዱን የሚመልሰው መወጠሩ ነው፣ ብርሃንም አግድም ሞገድ ሆኖ ሳለ የሚዛነፍ ቁስ የለውም።