ለኮምቦልቻው አባት፦ ልጅዎ ሕግ የት ትማር?

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ደግሜ አነበብኩት። ልጅዎ የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋለች፤ ከሕግ ሌላ አልማርም ብላለች። እርስዎ አዲስ አበባ ብትሄድ ይሻላል ይላሉ። እናቷ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቅዳሜና እሁድ ቤት እንድትመጣ ይፈልጋሉ። ባሕር ዳርንም ያነሱልዎ ሰዎች አሉ። «የትኛው ነው ሥራ የሚያስገኝላት?» ነው ያሉት። እኔ ደሴ ውስጥ ጠበቃ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሠርቻለሁ። የማውቀውን በደንብ ልንገርዎ።

በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት። በዚህ ጊዜ ያንን ፈተና ማለፍ ትልቅ ነገር ነው።

የዩኒቨርሲቲውን ስም ከማንሳትዎ በፊት ልጅቷን አንድ ነገር ይጠይቋት። ስትመረቅ የት መኖር ትፈልጋለች? በየትኛው ፍርድ ቤት፣ በየትኛው ቋንቋ መሥራት ታስባለች? ሕክምና የተማረ ሰው የትም ቢሄድ የሚያክመው ያንኑ ልብ፣ ያንኑ ኩላሊት ነው። ከሕግ ግን ክልል ሲቀየር አብሮ የሚቀየር አለ።

ደቡብ ወሎ ውስጥ አንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ገብተው ግማሽ ቀን ቢቀመጡ የሚሰሙት የውርስ፣ የገጠር መሬት፣ የፍቺና የቀለብ ጉዳይ ነው። የገጠር መሬቱ የሚታየው በአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። የቤተሰብ ጉዳይም እንደዚያው፤ ክልሉ ከፌዴራሉ የተለየ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ትምህርቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው፤ ችሎቱ ግን በአማርኛ ነው። አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ የመጀመሪያውን የክስ ማመልከቻ በአማርኛ ሲጽፍ እጁ የሚተሳሰር ተመራቂ ብዙ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው ልምምድ ነው፤ ልምምድ የሚገኘው ደግሞ ከችሎቱ አጠገብ ነው።

የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። አንድ ቀን ከኩታበር የመጡ እናት የመሬት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው አንዲት ተማሪ ፊት ተቀምጠው አየሁ። ታሪኩን የጀመሩት ከአያታቸው ነው። ልጅቷ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ሦስት ነገር ጠየቀች። ደብተሩ ላይ ያለው የማን ስም ነው? አሁን የሚያርሰው ማን ነው? ከመቼ ጀምሮ? ከዚያ «ይዞታዬን ይልቀቅልኝ» የሚል ክስ በአማርኛ፣ ጥርት አድርጋ ጻፈች። ይቺ ልጅ ስትመረቅ ቢሮ ቢኖረኝና ብቀጥራት ደስ ይለኛል። የትኛው ዩኒቨርሲቲ ተማርሽ ብዬም አልጠይቃትም።

ስለዚህ ልጅዎ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ ሆና ወሎ ውስጥ መኖር ካሰበች፣ እኔ ያለማመንታት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ትግባ እላለሁ። ለተግባር ልምምድ ስትወጣ የምትቀመጥበት ፍርድ ቤት በኋላ የምትሠራበት ነው። ሬጅስትራሩ ያውቃታል፤ ዐቃቤ ሕጉም፣ ጠበቃውም ያውቃታል። የጥብቅና ሥራ ደግሞ ሰው በሰው ነው የሚመጣው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2014ቱ ጦርነት ብዙ ንብረት እንደተዘረፈበትና እንደወደመበት እርስዎም ያውቃሉ። ቢሆንም ተነስቶ እያስተማረ ነው፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ባይሸሹት ደስ ይለኛል።

ደግሞ እርስዎ ኮምቦልቻ ተቀምጠው ስለ ኮምቦልቻ አለማንሳትዎ ገርሞኛል። ሕግ ሲባል ብዙ ወላጅ የሚታየው የዳኛ ካባ ብቻ ነው። ከደጅዎ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አለ፤ ቢራ ፋብሪካው አለ፤ ደረቅ ወደቡ አለ። በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወጣው መንገድም ከዚያው ነው። ሠራተኛ ባለበት የሥራ ክርክር አለ፤ ዕቃ ባለበት የጉምሩክ ጉዳይ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እና የጉምሩክ ሕግን ጠንቅቃ የያዘች ልጅ እዚሁ አካባቢ ሥራ ታገኛለች። ድርጅት ውስጥ የሕግ ባለሙያ ሆኖ መቀጠርም አለ። የፌዴራል የሆነ ጉዳይም ቢሆን እኛ ጋ የክልሉ ፍርድ ቤቶች በውክልና ያዩታል፤ ስለዚህ ሁሉም ፌዴራል ነገር አዲስ አበባ ነው ያለው ማለት አይደለም። ይህን መስክ እኔ በጣም ነው የምወደው። ወጣቶቹ ለምን እንደማያዩት አይገባኝም።

አፋን ኦሮሞ ከቻለች ደግሞ ከሚሴ ቅርብ ነው። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ፍርድ ቤቶች የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ የሚጽፍ የሕግ ባለሙያ በዚህ መስመር ላይ ይፈለጋል። ብዙ የኮምቦልቻ ልጅ ይህን ዕድል ይዞት ነው ያደገው።

ባሕር ዳር ጥሩ ነው። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትና ፍትሕ ቢሮ እዚያ ናቸው፤ ለዳኝነትና ለዐቃቤ ሕግነት የሚሰለጥኑበት ተቋምም እዚያው ነው። ወደ ላይኛው የክልል መዋቅር መግባት ለሚፈልግ ሰው ያግዛል። ነገር ግን መንገዱ ሩቅ ነው። ባለፉት ዓመታት መንገድ ተዘግቶ ልጃቸውን ማየት ያቃታቸው ወላጆች ነበሩ። እናቷ ይህን ቢፈሩ እውነት አላቸው።

አዲስ አበባን የምመርጥላት ሕልሟ ሌላ ከሆነ ነው። ለምሳሌ ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ትልልቅ ውል፣ ባንክና ኢንቨስትመንት። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ከወጣ በኋላ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ችለዋል፤ የዚህ ገበያ ማዕከሉ አዲስ አበባ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የምትፈልግ ከሆነ ትሂድ፣ አይያዟት። ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ስለሆነ ግን የመግቢያውንም የክፍያውንም ነገር ከራሱ ከዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ያረጋግጡ፤ በወሬ አይወስኑ። ከባዱ ወጪ የሚመጣውም ከምረቃ በኋላ ነው። ከዶርም ወጥታ፣ ቤት ተከራይታ፣ በትንሽ ደመወዝ ልምድ እስክትይዝ መደገፍ ይኖርብዎታል። ያንን ካሁኑ ያስቡበት።

«ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ አትቀጠርም» ላሉዎት ሰዎች መልሴ ይህ ነው። የመውጫ ፈተናው አገር አቀፍ ነው። ሌሎቹ የትምህርት መስኮች በ2015 ነው የጀመሩት፤ ሕግ ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ይፈተን ነበር። የወሎውም የአዲስ አበባውም ተማሪ የሚቀመጠው ለአንድ ፈተና ነው። ያላለፈ ሰው ከየትም ቢመጣ ዲግሪውን አይዝም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ዩኒቨርሲቲ ተመደበች ማለት ሕግ ገባች ማለት አይደለም። ፈተናውን ስላለፈች ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ሳይሆን ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት) ትጀምራለች፤ ከዚያ በውጤቷ ተወዳድራ ነው የትምህርት ክፍል የምትይዘው። ወሎም ብትገባ ባሕር ዳር፣ የፍሬሽማን ውጤቷ ከወረደ ሕጉ ያመልጣታል። ስለዚህ ክረምቱን በእንግሊዝኛ ንባብ ላይ ታሳልፍ። ምርጫ ከመሙላታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ቀን ይዘዋት የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ይውጡ። ችሎት አስገብተው ያስቀምጧት፤ ችሎት በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት ነው። ከዚያ ወጥታ አሁንም ሕግ ካለች፣ አብሽሩ፣ ልጅቷ የምትፈልገውን ታውቃለች። ምርጫውን ስትሞሉ የሚያጠራጥር ነገር ካለ እዚሁ ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።