ተዋጊ ጄት የሌለው አየር ኃይል ምን ይሠራል?

«ኒውዚላንድ አንድም ተዋጊ ጄት የላትም ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ከሆነ አየር ኃይሏ ስም ብቻ አይደለም ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። ጥያቄህን ያነበብኩት ሶማሌ ተራ፣ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ዛሬ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። የጉልበቴን ዘመን ያሳለፍኩት ግን ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ ነው፤ አንቶኖቭ 12 የሚባለው የጭነት አውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ። ነገሩ ከልቤ ስለሆነ ትንሽ ባረዝም ታገሡኝ።

የሰማኸው እውነት ነው። የሄለን ክላርክ መንግሥት ስካይሆክ የሚባሉትን ተዋጊ ጄቶች እ.ኤ.አ. በ2001 ከሥራ አወጣቸው። ስም ብቻ ነው ያልከው ግን ልክ አይደለም።

እስቲ ካርታ ላይ አገሪቱን እያት። ዙሪያዋ ባሕር ነው። የቅርብ ጎረቤቷ አውስትራሊያ እንኳ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ያህል ትርቃለች። የጠፋ ሰውና መርከብ እንድትፈልግበት በኃላፊነት የተሰጣት ክልል 30 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከሃያ አምስት ኢትዮጵያ ይበልጣል። እዚያ ውስጥ ሞተሩ የቆመበትን አንድ ጀልባ የምትፈልገው በምንድን ነው? በተዋጊ ጄት አይሆንም፤ ነዳጁ አይበቃውም። ለዚህ ሥራ አራት ፒ 8 ፖሲዶን አላት። አካሉ ቦሌ ሲያርፍ የምናየው ቦይንግ 737 ነው፤ ራዳርና ካሜራ ተጭኖበታል። የባሕር ሰርጓጅ መርከብን ፈልጎ ያሳድዳል፣ በድብቅ ዓሣ የሚያጠምድ መርከብ ያጋልጣል፣ የጠፋ ይፈልጋል።

ሌላው ሄርኩለስ የሚባለው የጭነት አውሮፕላን ነው፤ አሁን አምስት አዳዲስ አላት። ከእነዚህ በፊት የነበሩት አሮጌዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምረው 60 ዓመት ገደማ ሠርተዋል። እስከ አንታርክቲካ በረዶ ድረስ ይመላለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ቶንጋ አጠገብ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ መጀመሪያ ከደረሱት አንዱ የኒውዚላንድ ቃኚ አውሮፕላን ነው። ጉዳቱን ከላይ አይቶ ተመለሰ። ማኮብኮቢያው አመድ ለብሶ ስለነበር ሰዎቹ በአካፋና በእጅ ጠረጉት። ከዚያ ሄርኩለሱ ውኃ ጭኖ አረፈ። በውኃ ጥም ለተያዘ ሰው አየር ኃይል ማለት ያ ነው።

ይህ ለሁሉም አገር ይሆናል አልልም። በ1969 የሶማሊያ ጦር ሲገባብን ኤፍ 5 የሚባሉት ተዋጊ ጄቶቻችን ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? ድንበሩ የሚግል አገር ጄቱን መሸጥ አይችልም። የባልቲክ ሦስቱ አገሮች፣ ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊቱዌኒያ፣ ደግሞ የራሳቸው ተዋጊ ጄት የላቸውም፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሰማያቸውን የኔቶ አባላት በተራ ይጠብቁላቸዋል። ኒውዚላንድን የሚጠብቃት ርቀቷ ነው።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ኢንተርኔት ላይ የአየር ኃይል ዝርዝር ስታይ «ስንት አለው?» አትበል። «ነገ ጠዋት ስንቱ ይነሣል?» በል። ኒውዚላንድ ኤንኤች 90 ሄሊኮፕተር ስትገዛ ስምንቱን ለበረራ፣ ዘጠነኛውን ለመለዋወጫ ብላ ነው የገዛችው። ይህን ሳነብ እነዚህ ሰዎች መካኒክ ጠይቀዋል አልኩ። የመሪዎች ማመላለሻ ሁለቱ ቦይንግ 757 ግን አርጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 አንዱ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ላይ ተበላሽቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጃፓን የገቡት በመንገደኞች አውሮፕላን ነው።

የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ይህን ሁሉ ዓመት የቆየው ለምን ይመስልሃል? አብዛኛው ያው ቶዮታ ነው። ዕቃው እዚህ እኛ ሰፈር አለ፣ እጁ የለመደ መካኒክም አለ። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። ትንሽ አገር አሥር ዓይነት ከያዘ አሥር ዓይነት መጽሐፍ፣ አሥር ዓይነት መፍቻ፣ አሥር ዓይነት ሥልጠና ይፈልጋል። ገንዘቡ እዚያ ያልቃል።

በ77ቱ ድርቅ ወደ መቀሌ እህል ስናመላልስ አንድ ማታ የአንደኛው አንቶኖቭ ጎማ ተቆርጦ ገባ። መጋዘን ውስጥ ትርፍ አልነበረም። ሃንጋር ውስጥ ኢንስፔክሽን ላይ የቆመ ሌላ አንቶኖቭ ነበር። በክሪክ አነሣነው። አንዱ ባትሪ ይዞ ያበራል፣ እኔ ብሎኑን እፈታለሁ። ብርዱ ብረቱን ከእጄ ጋር ያጣብቀው ነበር። ከየትኛው እንደወጣ፣ የት እንደገባ መዝገብ ላይ ጽፈን ፈረምን። ሲነጋጋ ጆንያው ተጭኖ ተነሣ። እስኪሰወር ቆመን አየነው። አዲስ ጎማ ሲመጣልን የተዋስነውን አጥበን፣ ፈትሸን፣ ለባለቤቱ መለስንለት።